ከደብሊን ሪጋ ስንት ሰዓት ነው?

«ዘግይቷል» ይላል ሰሌዳው። ምን ያህል እንደሚዘገይ ግን አይናገርም። ሳርሚቴ በሪጋ አየር ማረፊያ የመንገደኞች መውጫ ፊት ለፊት ከቆመች ሁለት ሰዓት ሊሞላት ነው። ከሥራ ያስፈቀደችው ግማሽ ቀን እዚያው ቆማ እያለቀ ነበር። ውጭው ጉም ብቻ ነው። አውሮፕላን ይቅርና የመኪና ማቆሚያው አጥር እንኳ የማይታይበት የኅዳር ጉም።

ያናደዳት ጉሙ አልነበረም። ጉምን ማን ይቆጣዋል? ያናደደቻት ራሷ ናት። ከዘጠኝ ቀን በፊት በገዛ እጇ «ሁለተኛ እንዳትመጣ» ብላ የጻፈችለትን ሰው ዛሬ ፀጉሯን ታጥባ፣ አረንጓዴ ሹራቧን ለብሳ፣ እንደ ወትሮዋ ልትቀበለው ቆማለች።

ሳርሚቴ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በሪጋ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት አየርላንድ ውስጥ፣ ከደብሊን ወደ ሰሜን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል በሚርቅ ገጠር፣ በወይዘሮ ኑዋላ እርሻ እንጉዳይ ለቃሚ ነበረች። የእንጉዳይ ቤት ጨለማ ነው። ለቃሚዎቹ ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው ነው የሚሠሩት። አንድ ቀን የወይዘሮ ኑዋላ ልጅ ፊንታን ሙቀቱን ሊለካ ገብቶ ሳርሚቴ ድንገት ዞር ስትል መብራቷ ዓይኑን አጭበረበረው።

«እባክሽ አጥፊው፣ ማን እንደሆንሽ ልይ» አላት።

«ካጠፋሁት በምን ታየኛለህ?»

በዚያ ተጀመረ። ሦስት ዓመት አብረው ቆዩ። ከዚያ ሪጋ ብቻቸውን የሚኖሩት አባቷ ኢማንትስ ግማሽ ጎናቸውን ስትሮክ መታቸውና ሳርሚቴ በሁለት ቀን ውስጥ ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ገባች። ይኸው ሁለት ዓመት ተኩል፣ ፊንታን በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ መጥቶ እሑድ ይመለሳል።

«ሦስት ሰዓት እኮ ነው» ይላል ሁልጊዜ። «ሰው ሥራ ቦታው ለመድረስ ሦስት ሰዓት ይነዳ የለ?»

ይህ ቃል ጥርሷን ያስነክሳታል። ሦስት ሰዓቱ አየር ላይ ያለው ነው። ከእርሻው ደብሊን አንድ ሰዓት ተኩል፣ አየር ማረፊያ ቀድሞ መገኘት ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ሰልፉ፣ ከዚያ ሃያ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ። በዚህ ላይ የሪጋ ሰዓት ከደብሊን በሁለት ስለሚቀድም ቲኬቱ ሲመጣ አምስት ሰዓት፣ ሲመለስ አንድ ሰዓት ይላል። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ነው። ፊንታን ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ግራጫ ፊት ይዞ ይደርስና «ሦስት ሰዓት» ይላታል። እንዳትጨነቅ ብሎ ነው። እሷን ደግሞ የሚያበሽቃት መዋሸቱ ነው።

ባለፈው ተራው አልመጣም። ሳርሚቴ እዚሁ በር ላይ ቆማ የመጨረሻው መንገደኛ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ነው ስልኳ የጮኸው። የእርሻው የእንፋሎት ማሞቂያ ተበላሽቶ፣ ወደ ደብሊን መንገድ ላይ ሳለ እናቱ ጠርተውት ተመልሷል፤ ጠግኖ እስኪጨርስም አልደወለም። «አዝናለሁ» አለ። «ምንም አይደል» አለች። ከዚያ አምስት ቀን ዝም ብላ ከረመችና በስድስተኛው ወረቀት አውጥታ ጻፈች። ስልክ ላይ ቢሆን ያስቃታል፤ ከሳቀች ደግሞ ቁጣዋን ትረሳለች። ወረቀት አያስቅም። በደብዳቤው እንዳይመጣ ነገረችው። ለአምስት ዓመት ለማንም ሳትናገር ሆዷ ውስጥ የያዘችውን አንድ ነገርም ጨምራ ጻፈችለት።

እሱ ግን ትናንት ደውሎ «ነገ እመጣለሁ፤ ሁለት ነገር የምነግርሽ አለኝ» ብሎ ዘጋ። ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ደርሶት ነው ዝም ያለው ብላ ደመደመች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ፊንታን ከሰዎቹ ሁሉ መሃል ዓይኑን አንሥቶ ሲፈልጋት፣ አግኝቷት ፊቱ ሲፈታ፣ ሳርሚቴ እዚያው ጀርባዋን ሰጥታ መሮጥ አሰኛት። ሰው ሊለያት መጥቶ እንዴት እንዲህ ያያታል?

* * *

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፊንታን ጉልበቱን መታ መታ ያደርጋል።

«ቤት እስክንደርስ አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ሳርሚ፣ ይህ ነገር ማብቃት አለበት።»

«የቱ ነገር?»

«ይኼ ዓርብ ዓርብ መመላለስ። አንቺም ደክሞሻል፣ እኔም ደክሞኛል። አስቤበት ቆርጫለሁ።»

የጻፈችው እሷ ናት። ቢሆንም ሰው ትንሽ እንኳ ሳይለምን፣ ትንሽ እንኳ ሳይከራከር እንዲህ ይስማማል?

«ተስማማህ ማለት ነው» አለች።

«ምን መስማማት አለው? መጀመሪያ ያሰብኩት እኔ አይደለሁ? ከሰኔ ጀምሮ ሳወጣ ሳወርደው ነበር። እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።»

«ከሰኔ ጀምሮ።»

«አዎ። ያን ጊዜ ሐይቁ ዳር የሄድን ዕለት።»

«እጄን ይዘህ። ዓሣውን እየበላን። ይህን ነበር የምታስበው?»

«ሌላ ምን ላስብ?» አለ ፊንታን ግራ ገብቶት።

ሳርሚቴ መስኮቱን ማየት ጀመረች። መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ የራሷን ፊት ብቻ ነው የሚያሳያት። ቀይ ነው። «እናትህ ያውቃሉ?»

«ገና አልነገርኳትም። ስትሰማ ቤቱን በጩኸት ነው የምታናጋው።»

«ለምን? ከጥንትም የተመኙት ይህን አይደል?»

«እማዬ? ልጇ ጥሏት ላትቪያ እንዲገባ መች ተመኘች?»

አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ። ሳርሚቴ ቀስ ብላ ዞረች። «የት እንዲገባ?»

«እዚህ ነዋ። ሥራ አግኝቻለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የእንጉዳይ እርሻ ከጥር ጀምሮ ና ብለውኛል። አንቺ ስለ ምንድን ነው የምታወሪው?»

«ስለ ደብዳቤው።»

«የምን ደብዳቤ?»

እንዲህ ያለውን ነገር ምን ይሉታል? እሱ ሰባ ጊዜ ያህል የተመላለሰበትን መንገድ አንዲት ወረቀት በዘጠኝ ቀን መጨረስ አቅቷታል። ሳርሚቴ መዋሸት ትችል ነበር። የበዓል ካርድ ነው ብትል፣ እሑድ ማታ ቤቱ ገብቶ እስኪያነበው ድረስ ሁለት ቀን በሰላም ባለፈ ነበር። አልሆነላትም።

«እንዳትመጣ ብዬ ነው የጻፍኩልህ» አለች። «ይብቃን ብዬ።»

ጉልበቱን መምታቱን ተወ።

«በማሞቂያው ምክንያት?»

«በማሞቂያው ብቻ አይደለም።» ከዚህ በኋላ መመለስ አልነበረም። «እናትህ ለጎረቤታችሁ ሲናገሩ ሰምቼአለሁ። የዛሬ አምስት ዓመት፣ ማሸጊያው ክፍል ውስጥ። ከሳጥኖቹ ኋላ መኖሬን አላወቁም። ‹ይጫወት፣ ተይው› አሉ። ‹ለቃሚ ናት። በአውሮፕላን የመጣ በአውሮፕላን ይሄዳል።› ይኸው ሄድኩ። እውነታቸውን ነበር። ያን ዕለት ከመንገድ ሲመልሱህም ይኸው ቃላቸው ነው የታወሰኝ።»

ፊንታን ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር ሳበ። ጆሮው ሥር ያለው ጅማት ይመታል።

«አምስት ዓመት» አለ። «ይህን ይዘሽ ገበታችን ላይ ትቀርቢ ነበር። እናቴን ደህና አደሩ ትያት ነበር።»

«እናትህ ናቸው። ምን ብዬ ልንገርህ?»

«እንዲህ ብለሽ። እንዳሁኑ።» ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ለእኔ ያጣሽውን አፍ ለፖስታ ቤት አገኘሽ።»

የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነ። ቤታቸው ለመድረስ ሁለት ፌርማታ ይቀራል። ቦርሳውን አንሥቶ «እንግዳ ማረፊያ አድራለሁ» አለና ወረደ። ጉሙ በሦስት እርምጃ ዋጠው። ሳርሚቴ ባዶውን ወንበር በእጇ ስትነካው ገና ይሞቅ ነበር። እሱን ልትራገም ይሁን ራሷን ልትራገም ሳትወስን ፌርማታዋን አለፈች።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ኢማንትስ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ደርድረው ጠበቋት። የወደብ ክሬን ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከታመሙ ወዲህ ቃላቸውን እንደ ከባድ ዕቃ አንድ በአንድ እያነሡ ነው የሚያስቀምጡት።

«ልጁ የት አለ?»

«እንግዳ ማረፊያ።»

«ለምን?»

«ተጣላን፣ አባዬ።»

«በምን?»

ምን ብላ ትንገራቸው? «በርቀት» አለች።

ኢማንትስ ጥቁሩን ዳቦ ቅቤ ይቀቡ ጀመር። ሳርሚቴ ቢላውን ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ ሳህናቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«እሱ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል» አሉ። «አንቺ ስንት ጊዜ ሄድሽ?»

«አንተን ለማን ትቼ?»

«ይኸው፣ መጣ» አሉ አባቷ፤ ይህን ቃል እስክትናገር ይጠብቁ ነበር። «ሐኪሟ ብቻውን መኖር ይችላል ካለች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል። አንቺ ሥራ ስትሄጂ ገበያ ወርጄ ዓሣ እገዛለሁ። እንጨት እፈልጣለሁ፤ ቀጭን ቀጭኑን። አንቺ አሁንም የምበላውን ሥጋ ትቆርጪልኛለሽ።»

«ልረዳህ ብዬ ነዋ።»

«ፈርተሽ እንደሆነ ፍሪ። ሰው ይፈራል። ብቻ በእኔ በሽታ አታሳብቢ። በሽታው የኔ ነው።»

እውነት ሲነገር እንደሚያናድደው ውሸት አያናድድም። ሳርሚቴ ተነሥታ ንጹሑን ሳህን ማጠብ ጀመረች። ስንት ጊዜ ነበር ፊንታን «አንድ ሳምንት ብቻ ነይ» ያላት? ስንት ጊዜ ነበር «አባዬስ?» ያለችው? ወይዘሮ ኑዋላን ፊት ለፊት ላለማየት አባቷን እንደ በር ዘግታቸው ኖራለች። ውኃው እየፈሰሰ ቆማ ቀረች። አሳፈራት። ያሳፈራትም ነገር መልሶ አናደዳት።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኳ ጮኸ። ፊንታን ነው።

«እማዬ መጥታለች» አለ።

«የት?»

«ሪጋ። አየር ማረፊያ ሆና ደውላ ‹ና ውሰደኝ፣ እዚህ አገር ጽሑፉ አይነበብም› አለችኝ። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፣ ሳርሚ። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። አንቺ ዘንድ አድርሰኝ ትላለች። ለምን እንደሆነ አትነግረኝም።»

* * *

ወይዘሮ ኑዋላ የቤተ ክርስቲያን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው ነጭ አበባ፣ በሌላው ትንሽ ሻንጣ ይዘው ገቡ። ለኢማንትስ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡና አበባውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ ሳይቀመጡ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ታክሲው ውስጥ የጀመሩት ክርክር ነበር የቀጠለው።

«ሦስት ሰዓት ብለኸኛል። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ‹እማዬ፣ ሦስት ሰዓት እኮ ነው› ስትለኝ ደብሊን ደርሶ መልስ መስሎኝ ኖርኩ። እህትህ ብሪድ በጨለማ ቀስቅሳ ነድታ አደረሰችኝ። ጫማዬን አስወለቁኝ። ሽቶዬን ጣሉብኝ። አንድ ሕፃን መንገዱን ሙሉ ጀርባዬን ሲረግጠኝ መጣ። ወርጄ ሰዓቴን ባየው አራት ይላል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ስድስት ይላል። ከሁለቱ የትኛው ነው ውሸታሙ ብዬ ብጠይቅ ፖሊሱ ሳቀብኝ።»

«እማዬ፣ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። አንተ ይህን ነው ስታደርግ የኖርከው? በየሁለት ሳምንቱ? እሑድ ማታ ገብተህ ሰኞ ጠዋት ማሞቂያው ጋ ስትቆም አንድ ቀን ደክሞኛል አላልከኝም።»

«ብነግርሽ ትከለክይኝ ነበራ።»

«እከለክልህ ነበር» አሉ ወይዘሮ ኑዋላ። ይህን ብለው ነው የተቀመጡት።

ከቦርሳቸው ፖስታ አወጡ። ሳርሚቴ የገዛ እጅ ጽሕፈቷን ከሩቅ አወቀችው።

«ትናንት እሱ ከወጣ በኋላ ደረሰ፤ ላዩ ላይ የቤተሰባችን ስም ብቻ ነው ያለው» አሉ ሴትዮዋ። «የጋዝ ሂሳብ መስሎኝ ከፈትኩት። የሰው ደብዳቤ የምከፍት ሴት አይደለሁም። ከከፈትኩ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፤ አልዋሽሽም። ያልኩትንም ብያለሁ። ቃሉ የእኔ ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርሽበትም።»

ፊንታን አፉን ሲከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። በረዶ ላይ ወድቄ እጄ የተሰበረ ጊዜ፣ ስድስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት እየመጣሽ የካፖርቴን ቁልፍ ትቆልፊልኝ ነበር። ይህን ከመስማትሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በኋላ» አለች ሳርሚቴ።

«ጫማዬን ያሰርሽልኝም?»

«እሱም።»

«ለምን?»

ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይባል። «ጫማ በአንድ እጅ አይታሰርማ» አለች።

ወይዘሮ ኑዋላ መነጽራቸውን አወለቁ። ማልቀስ ያልለመደ ሰው ሲያለቅስ ማስነጠስ ይመስላል፤ የሳቸውም እንደዚያ ነበር፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ለራሳቸውም ድንገተኛ። ፊንታን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። እናቱ ሲያለቅሱ አይቶ እንደማያውቅ ያስታውቃል።

«ይቅርታ የሚለው ቃል አይገራልኝም» አሉ። «በስልክም፣ በወረቀትም ሞከርኩት። ስላልሆነልኝ ራሴ መጣሁ።»

«ምን አለች?» ብለው ኢማንትስ በላትቪኛ ጠየቁ።

ሳርሚቴ መተርጎም አቃታት። አባቷ የእሷን ፊት አዩ፣ የእንግዳዋን ፊት አዩ። ከዚያ አበባውን ወደ ራሳቸው ስበው ግንዶቹን በዓይናቸው ቆጠሩና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ የታመመውን። ጣቶቻቸው እየተንቀጠቀጡ፣ ሁለት ጊዜ እየሳቱ፣ አንዷን አበባ መዘዙና ለወይዘሮ ኑዋላ ሰጧቸው።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ ሴትዮዋ።

«አሥር ነበር» አለች ሳርሚቴ ዓይኗን እየጠረገች። «በእኛ አገር ቁጥሩ ለሁለት የሚከፈል አበባ ለቀብር ነው።»

ወይዘሮ ኑዋላ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ኢማንትስ ግን በተጣመመ ከንፈራቸው እየሣቁ «ገና ነኝ በያት» አሉ። ሳርሚቴ ይህን ተረጎመችው። በዚያች ቤት ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ሣቅ ነበር።

ሻይ ሲጠጡ ወይዘሮ ኑዋላ አበባቸውን እንደያዙ ለልጃቸው እንዲህ አሉት። «እርሻውን ብሪድ ትረከባለች። አሥር ዓመት ለመነችኝ፤ ሴት ናት ብዬ እምቢ አልኩ። ሠላሳ ዓመት የመራሁት እኔ ራሴ ወንድ የሆንኩ ይመስል። አንተን አስሮ የያዘህ እንጉዳይ አይደለም፣ እኔ ነኝ። አሁን እዚህ ሥራ ፈልግ።»

ፊንታን ስኒውን አስቀመጠ። «አግኝቻለሁ። ከጥር ጀምሮ።»

«አሃ» አሉ እናቱ። «ይህን ደግሞ መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«ነገ።»

«ነገ» አሉ ወይዘሮ ኑዋላ ወደ ሳርሚቴ ዞረው። «እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ቻልሽው፣ ልጄ?»

* * *

ፊንታን የማገዶ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ጓሮ ሲወጣ ሳርሚቴ ተከተለችው። ጉሙ ገፈፍ ብሎ የጎረቤቱ የእንጨት ቤት ጣራ ታየ።

«እኔ አሁንም ተናድጃለሁ» አለ እንጨቱን እየደረደረ።

«እኔም።»

«እሷ ይቅርታ ስላለችሽ የእኔ ያልፋል ማለት አይደለም። እኔ እኮ በየሁለት ሳምንቱ ስመጣ፣ አንቺ እኔ ዘንድ ሳትደርሺ ነው የኖርሽው። አጠገቤ ተቀምጠሽ።»

ይህ ገባት። መልስ ነበራት፤ ማሞቂያው፣ ባዶው በር፣ «ሦስት ሰዓት» የሚለው ቃል፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። ሁሉንም ዋጠቻቸው።

«አባዬ ከዳነ ቆይቷል» አለች። «እኔ ነኝ እንደታመመ ያቆየሁት። አንድም ቀን አንተ ዘንድ ያልመጣሁት እናትህን ፈርቼ ነው። ፈሪ መባልን ደግሞ ከሁሉ በላይ ፈርቼ።»

ፊንታን አንዲት ፍልጥ እንደያዘ ቆመ። ሊያቅፋት የፈለገ፣ ገና ያልወሰነ ሰው ይመስላል።

«ሁለት ነገር አለኝ ብዬሽ አልነበር?» አለ። «ሁለተኛው አልተነገረም። ትናንት አውቶቡስ ላይ ልልሽ ነበር። በስንት ዝግጅት ይዤው መጥቼ ይኸው ማገዶ ይዤ፣ ተናድጄ ልናገረው ነው። ታገቢኛለሽ?»

ሳርሚቴ ደነገጠች፤ ከዚያም በዚህ ቃና መጠየቋ አበሸቃት፤ ከዚያም ሁለቱ ስሜቶች ተቃቅፈው ደረቷ ውስጥ ቆሙ።

«አሁን አልመልስልህም።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንተ ሰባ ጊዜ መጥተሃል። እኔ መንገዱን ረስቼዋለሁ። እናትህ ብቻቸውን አይመለሱም፤ ነገ እኔ ይዣቸው እሄዳለሁ። አንድ ሳምንት እዚያ እቆያለሁ። አንተ ከአባዬ ጋር ሁን።»

«ሳርሚ፣ መናደዴን እኮ አላቆምኩም።»

«አታቁም። ስመለስ ጠብቀኝ ብቻ።»

ፍልጧን ቅርጫቱ ውስጥ አኖራት። ትንሽ ቆይቶ ቀዝቃዛ እጁን አንገቷ ሥር ሰደደና ግንባሩን ግንባሯ ላይ አስደገፈ። እንጨት እንጨት ይሸታል። የሁለቱም ቁጣ በመሃላቸው ቆሞ ቀስ እያለ ይለዝብ ነበር።

* * *

እሑድ ዕለት ፊንታን እስከ ፍተሻው በር ሸኛቸው። ሳርሚቴ ከሰልፉ ውስጥ ዞር ብላ ስታየው፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ ሰው እየገፋው፣ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ቆሟል። የሚቀር ሰው ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ ወገን አየችው። እንባዋ መጣ፤ ኮሮጆዋን በማስተካከል አሳበበች።

አውሮፕላኑ ውስጥ ወይዘሮ ኑዋላ በመስኮቱ፣ ሳርሚቴ በመሃል፣ ሹራብ የምትሠራ አንዲት የሪጋ ሴት በዳር ተቀመጡ።

«መመለሻው አንድ ሰዓት ነው ይላል ቲኬቱ» አሉ ወይዘሮ ኑዋላ በጥርጣሬ። «ታዲያ ስመጣ ለምን እንዲያ አንከራተቱኝ?»

«ያው ሦስት ሰዓት ነው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚቆጠር ነው።»

«አንቺም እንደ ልጄ ጀመርሽ።»

ሞተሩ ሲያጓራ ግን ፀጥ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው የሳርሚቴን እጅ ያዙ፤ አያያዛቸው ጣት ይሰብራል። መሬቱ ሲለቃቸው ሳርሚቴ ከታች ወንዙን፣ ድልድዮቹን፣ አንድ ሰው የቀረባትን ከተማ አየች። ከዚያ ነጭ ደመና ሆነ።

ሹራብ ሠሪዋ ሴት ጎንበስ ብላ በላትቪኛ አነጋገረቻት። «በጣም ፈሩ፣ ምስኪን። እናትሽ ናቸው?»

ሳርሚቴ አይደሉም ልትል ነበር። የቀድሞ አሠሪዬ ናቸው፣ የጓደኛዬ እናት ናቸው፣ የሚባል ነገር ሞልቷል።

«የባሌ እናት ናቸው» አለች።

የገዛ ድምፅዋን ሰማችው። ማንም ሳያስገድዳት፣ ሳታስበው፣ ለማታውቃት ሴት ነው የመለሰችው። «ታገቢኛለሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው ከታች፣ ከደመናው ሥር፣ መልስ እየጠበቀ ነው። ጆሮዋ ጫፍ ድረስ ሙቀት ወጣባት።

ወይዘሮ ኑዋላ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «ምን አለችሽ?»

«ፈሩ ወይ አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ትንሽ ፈርተዋል አልኳት።»

«ይህን ለማለት ነው እንዲህ ፊትሽ የቀላው?» አሉ አሮጊቷ። መልስ ሳይጠብቁ ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ፤ እጇን ግን አልለቀቁም። ሳርሚቴ ጣቶቿ ደንዝዘው፣ ትከሻዋ ተጣምሞ፣ እየሣቀች እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ነጩ ደመና መለሰች።